ከጣርማ በር እስከ ጌም ቤት፦ ዓይንና ጆሮ ሲጣሉ

 

የዛሬው ዝግጅታችን ሁለት ዓይነት ሰዎችን ይመለከታል። አንደኞቹ መኪና የማይስማማቸው ናቸው። ሁለተኞቹ ደግሞ ከተቀመጡበት ሳይነሱ፣ የትም ሳይሄዱ፣ ጌም ስለተጫወቱ ብቻ የሚያዞራቸው፣ የሚያቅለሸልሻቸው፣ ላብ ላብ የሚላቸው ወጣቶች ናቸው። የመጀመሪያውን ሕመም ሁላችንም እናውቀዋለን። ሁለተኛውን ግን ብዙ ወላጅ አያምነውም፤ «ቁጭ ብሎ ምን ያዞረዋል?» ይላል። ልጁም ጓደኞቹ እንዳይስቁበት ዝም ይላል። ነገር ግን የሁለቱም ሥር አንድ ነው፤ ስለዚህ በደንብ ከምናውቀው ከመንገዱ እንጀምር።

ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን አድርጎ ወደ ሸዋ ሮቢት የወረደ ሰው ይህን መንገድ አይረሳውም። እስከ ጣርማ በር ድረስ አብዛኛው ደጋ ሜዳ ነው፤ ተሳፋሪው ያወጋል፣ ያንቀላፋል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን በስቶ ያወጣውን ዋሻ አልፎ ቁልቁለቱ ሲጀምር ግን ወሬው ይቋረጣል። ከዚያ በኋላ ሃምሳ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ውስጥ፣ ደብረ ሲናን አልፎ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት እስኪደርስ፣ መኪናው አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ሲጠማዘዝ ነው የሚቆየው። ረዳቱ ፌስታል የሚያድለው እዚህ ላይ ነው። አንዷ ሎሚ ታሸታለች፤ ሌላው ግንባሩን ከፊቱ ወንበር ላይ ይደፋል፤ «መስኮት ክፈቱ» እና «ብርድ ይመታናል፣ ዝጉት» የሚሉት ይጨቃጨቃሉ። በዚህ ክርክር እኔ ከመስኮት ከፋቾቹ ወገን ነኝ፤ ምክንያቴን ቆይቼ እነግራችኋለሁ። ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ የሚወርደውም መንገድ ቢሆን ለሆድ የሚራራ አይደለም።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። አሊዩ አምባ መኪና ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት የሲራራ ነጋዴ መናኸሪያ ነበረች። ከታጁራና ከሐረር በኩል በግመል የመጣው ዕቃ እዚህ ይራገፋል፤ ወደ ደጋው የሚወጣው ደግሞ በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ጫንቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ ያለፈው በዚህችው በአሊዩ አምባ ነው። ያ ሁሉ ነጋዴና ጫኝ፣ ያንኑ ዳገት፣ ያንኑ ጠመዝማዛ በእግሩ ሲወጣና ሲወርድ ይደክመዋል፣ ይጠማዋል እንጂ እንደ አውቶቡስ ተሳፋሪ አያስመልሰውም ነበር። ዛሬም ከገበያ በእግሩ የሚመለስ ሰው በመታጠፊያው ብዛት ሲያዞረው አታዩም። ስለዚህ ጥፋቱ የመታጠፊያው ብቻ አይደለም። በእግሩ የሚሄደው ሰው ዓይኑ የሚያየው፣ ጆሮው የሚሰማው፣ እግሩ የሚረግጠው ሁሉም አንድ ነገር ይነግሩታል። ለተሳፋሪው ግን የተለያየ ወሬ ነው የሚደርሰው።

«ጆሮ» ስል ድምፅ የሚሰማውን ማለቴ አይደለም። ከታምቡሩ ወዲያ፣ የራስ ቅል አጥንት ውስጥ ተቀብሮ፣ ሚዛን ለመጠበቅ የተሠራ ሌላ የጆሮ ክፍል አለ። በእያንዳንዱ ጆሮ ውስጥ ሦስት የግማሽ ክብ ቅርጽ ያላቸው ቀጫጭን ቱቦዎች ይገኛሉ። ሦስቱም ወደ ተለያየ አቅጣጫ የዞሩ በመሆናቸው ራሳችን በየትኛውም በኩል ቢዞር ቢያንስ አንዱ ያውቃል። በውስጣቸው ፈሳሽ አለ። ውሃ የያዘ ብርጭቆ በድንገት ብታሽከረክሩ ብርጭቆው ይዞራል፣ ውሃው ግን ወዲያው አይከተልም። በቱቦዎቹ ውስጥ ያለውም ፈሳሽ እንዲሁ ወደ ኋላ ሲቀር ጥቃቅን ፀጉር መሰል ሕዋሳትን ያጎብጣል፤ እነሱም «ራስ ዞረ» ብለው ለአንጎል ያሳውቃሉ። ከቱቦዎቹ አጠገብ ደግሞ ጥቃቅን የካልሲየም ካርቦኔት ጠጠሮች ያሉባቸው ሁለት ከረጢቶች አሉ። መኪና ሲነሳ፣ ፍሬን ሲይዝ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ሲነጥር የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

እስቲ ባላችሁበት ሆናችሁ አንድ ነገር ሞክሩ። መኪና ወይም ባጃጅ የምትነዱ ከሆነ ግን ለቤታችሁ አቆዩት። መዳፋችሁን ከዓይናችሁ ፊት ያዙና የመዳፋችሁን መስመሮች እያያችሁ ራሳችሁን «አይደለም» እንደምትሉ ግራና ቀኝ በፍጥነት ነቅንቁ። መስመሮቹ አይጠፉባችሁም። አሁን ደግሞ ራሳችሁን አቁማችሁ መዳፋችሁን በዚያው ፍጥነት ግራና ቀኝ አወዛውዙት። መስመሮቹ ተድበሰበሱ አይደል? በመጀመሪያው ጊዜ ጆሮ የራስን መዞር በቅጽበት ለዓይን ጡንቻዎች ስለሚነግር ዓይን በተቃራኒው ዞሮ ምስሉን አጽንቶ ይይዘዋል። በሁለተኛው ጊዜ ግን ጆሮ የሚናገረው ነገር የለውም። ዓይንና ጆሮ ይህን ያህል ተሳስረው የሚሠሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1914 የኖቤል ሽልማት ያገኘው የቪየናው ሐኪም ሮበርት ባራኒ የተሸለመው ይህንኑ የሚዛን አካል በመመርመሩ ነው። መነሻው ደግሞ ቀላል ነገር ነበር፦ ጆሯቸውን እጅግ በቀዘቀዘ ወይም እጅግ በሞቀ ውሃ ሲያጥብላቸው ሕመምተኞቹ «አዞረን» ይሉት ነበር።

እንግዲህ በአውቶቡስ ውስጥ ቁልቁል ስልካችሁን እያያችሁ ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ ዓይናችሁ «ቁጭ ብያለሁ» ይላል፤ ጆሯችሁ «እየተጠማዘዝኩ ነው» ይላል። አንጎል ማንን ይመን? በብዙ ተመራማሪዎች ዘንድ ተቀባይነት ያለው ማብራሪያ ይህ አለመስማማት ነው። ተመራማሪው ጄምስ ሪዝን ከባልደረባው ከብራንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ በስፋት አብራርቶታል። ውዝዋዜው ዝግ ያለ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ በአምስት ሰከንድ አንድ ጊዜ ያህል ከፍ ዝቅ የሚል እንቅስቃሴ ከሁሉም በላይ እንደሚያስመልስ በሙከራ ታይቷል። መርከብ በማዕበል ላይ የሚወዛወዘው በዚህ ልክ ነው።

ለመሆኑ ጥፋተኛው የሚዛን አካል መሆኑ እንዴት ታወቀ? አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዊልያም ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1882 መስማት የተሳናቸውን ከ500 በላይ ሰዎች ስለ ማዞር አጠና። አንድ ሦስተኛ ያህሉ ቢሽከረከሩም ፈጽሞ አያዞራቸውም ነበር፤ የውስጥ ጆሯቸው ሲጎዳ የሚዛን ክፍሉም አብሮ ተጎድቷልና። ለማነጻጸር የጠየቃቸው 200 ያህል የሃርቫርድ ተማሪዎችና መምህራን ግን ከአንዱ በቀር ሁሉም ያዞራቸዋል። ስለዚህ መኪና የሚያዞራችሁ ሰዎች፣ ቢያንስ የሚዛን አካላችሁ ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው። ፌስታል ለያዘ ሰው ግን ይህ ብዙም እንደማያጽናና አውቃለሁ።

አሁን ወደ ጌም ቤት እንግባ። ሸዋ ሮቢትም ሆነ ሌላ ከተማ ጌም ቤት የምታውቁ ወጣቶች ሥዕሉ አይጠፋችሁም፦ በቆርቆሮ ክዳን ሥር ያለች ጠባብ ክፍል፣ መጋረጃ የተጋረደበት በር፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉ ቴሌቪዥኖች፣ ከፊታቸው አግዳሚ ወንበር፣ ሁለት ልጆች ጆይስቲክ ይዘው፣ ስድስት ልጆች ደግሞ ተራ እየጠበቁ። አብዛኛው ጊዜ የሚጫወቱት ኳስ ነው። በኳስ ጌም ማንም ሲያዞረው አይታይም። ለምን? ካሜራው ሜዳውን ከትሪቡን ላይ እንደተቀመጠ ተመልካች ከሩቅና ከፍ ብሎ ነው የሚያሳየው። ተጫዋቾቹ ይሮጣሉ፣ እናንተ ታያላችሁ። ቅኔ ጌምስ በአገራችን በሠራው «ኩኩሉ» ላይም እንዲሁ ነው፤ የምትሸሸውን ዶሮ ከውጭ ሆነን እናያታለን እንጂ በዶሮዋ ዓይን አናይም።

አንድ ቀን ግን ልጁ «ኮል ኦፍ ዲዩቲ» ይከፍታል፤ ወይም «ፐብጂ»ን በስልኩ እየተጫወተ እይታውን በራስ ዓይን ወደሚያሳየው ይለውጠዋል። አሁን ካሜራው ራሱ ልጁ ሆነ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው የገጸ ባሕርይው እጅና መሣሪያ ብቻ ነው። ሲሮጥ ዓለሙ ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል፤ ሲዞር ግድግዳውም ሰማዩም አብሮ ይዞራል። የልጁ ጆሮ ግን አግዳሚው ላይ ቁጭ እንዳለ ነው የሚያውቀው። ይህ የአውቶቡሱ ተቃራኒ ነው። እዚያ ጆሮ ሲንቀሳቀስ ዓይን ቆሞ ነበር፤ እዚህ ዓይን ሲንቀሳቀስ ጆሮ ቆሟል። ጠቡ ያው ጠብ ነው።

በዓይን ብቻ መንቀሳቀስ እንዴት እንደሚሰማ የተጠራጠረ ካለ መናኸሪያን ያስብ። ገና ያልተነሳ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣችሁ ሳለ ከጎናችሁ ያለው ወደ ኋላ ሲሄድ የእናንተው የተነሳ መስሏችሁ አታውቁም? ዓይን ብቻውን ያን ያህል ሊያታልል ይችላል። በተለይ የዓይናችን የዳር እይታ ለእንዲህ ያለው ስሜት ስስ ነው፤ ከስክሪን ጋር ተጣብቆ መቀመጥ የሚጎዳውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1957 ሃቭሮን እና ባትለር የተባሉ ተመራማሪዎች የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሄሊኮፕተር ማሠልጠኛ ሲሙሌተር ላይ የተቀመጡ ሰዎች እንደሚያቅለሸልሻቸው ጻፉ። የሚገርመው፣ ከጀማሪዎቹ ይልቅ ብዙ የበረሩት አስተማሪዎች መባሳቸው ነው። እውነተኛውን በረራ ስለሚያውቁት ውሸቱ ቶሎ ይታወቃቸዋል። ጌሞቹ ከመጡ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1992 «ዎልፈንስታይን 3ዲ»፣ በ1993 ደግሞ «ዱም» ሲወጡ ያው ቅሬታ ወደ ቤት ኮምፒውተር ተዛወረ። እ.ኤ.አ. በ2008 የስዊድኑ ጌም ሠሪ ዳይስ «ሚረርስ ኤጅ»ን ሲሠራ፣ ተጫዋቹ በጣሪያ ላይ እየዘለለ እንዳያዞረው ብሎ ስክሪኑ መካከል ላይ አንዲት ትንሽ ነጥብ አደረገ። ዓይን የሚያርፍበት የማይነቃነቅ ነገር ሲያገኝ ይረጋጋል። ዛሬም በራስ ዓይን የሚታይ ጌም ስትጫወቱ ዙሪያውን ከማማተር ይልቅ መሐል ላይ ያለችውን የማነጣጠሪያ ምልክት ማየት ይረዳል።

ለምን ማስመለስ? ጆሮና ዓይን ቢጣሉ ሆድ ምን አገባው? ትራይስማን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1977 አንድ ግምት ሰጥቷል፦ በጥንት ዘመን የዓይንና የጆሮ ወሬ የሚዛባው ሰው መርዝ ሲበላ ነበር፤ ስለዚህ አንጎል ሲምታታበት «ተመርዣለሁ» ብሎ ሆድ ውስጥ ያለውን ያስወጣል። ሁሉም አልተቀበለውም፤ ለእኔ ግን ከሰማኋቸው ሁሉ የሚያሳምነው እሱ ነው። በሌላ ወገን ደግሞ መነሻው የወሬ መጋጨት ሳይሆን ሰውነት አቋሙን መጠበቅ ሲያቅተው ነው የሚሉ አሉ። ክርክሩ አልተዘጋም።

አሁን ከሁሉም በላይ እንድትሰሙልኝ የምፈልገው ነገር ላይ ደረስን። ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት ሹፌሩ አያዞረውም። መሪውን የያዘው እሱ ስለሆነ መኪናው ከመታጠፉ በፊት መታጠፉን ያውቃል፤ ሰውነቱም ይዘጋጃል። በጌምም እንዲሁ ነው። ተመራማሪዎች አንዱን ሰው የመኪና ጌም እንዲነዳ፣ ሌላውን ደግሞ የዚያንኑ ሰው ጨዋታ ተቀምጦ እንዲያይ አድርገው ሞክረዋል፤ ይበልጥ የታመመው የሚያየው ነው። ስለዚህ ጌም ቤት ውስጥ ከጆይስቲክ ያዡ ይልቅ አጠገቡ ተኮልኩለው ተራ የሚጠብቁት ልጆች የበለጠ ተጋላጭ ናቸው። «እኔ እኮ ገና አልተጫወትኩም፣ ለምን አመመኝ?» የሚል ልጅ ካለ መልሱ ይኸው ነው። ተራችሁ እስኪደርስ ደጅ ወጥታችሁ ቁሙ፤ ወይም ፊታችሁን ወደ በሩ አዙሩ።

ወደ ማስተካከያው እንምጣ። በራስ ዓይን የሚታዩ ብዙ ጌሞች ሴቲንግ ውስጥ «ፊልድ ኦፍ ቪው» የሚል አለ። ጌሙ ከግራ እስከ ቀኝ ምን ያህል ዲግሪ እንደሚያሳይ የሚወስነው እሱ ነው። ለቴሌቪዥን የተሠሩ ጌሞች ብዙውን ጊዜ ጠበብ አድርገው፣ 60 ወይም 70 ዲግሪ ገደማ ያሳያሉ፤ ተጫዋቹ ራቅ ብሎ ይቀመጣል ብለው ስለሚያስቡ። ሒሳቡን እዩት፦ ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን ወርዱ 71 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ሁለት ሜትር ርቃችሁ ከተቀመጣችሁ ከእይታችሁ 20 ዲግሪ ያህል ብቻ ይይዛል፤ ዙሪያውን የማይንቀሳቀሰውን ግድግዳ ታያላችሁ፣ እሱም ያረጋጋችኋል። 60 ሴንቲ ሜትር ላይ ብትጠጉ ግን 60 ዲግሪ ያህል ይይዛል፤ የሚንቀሳቀሰው ዓለም ዓይናችሁን ይሞላዋል። ስለዚህ ቴሌቪዥን ላይ ስትጫወቱ ራቅ በሉ። ኮምፒውተር ላይ ስትጫወቱ ግን ቅርብ መቀመጣችሁ ስለማይቀር «ፊልድ ኦፍ ቪው»ን ወደ 90 እና ከዚያም ከፍ አድርጉት፤ በጠባብ ቀዳዳ የማየት ስሜቱ ይቀንሳል።

ቀጥሎ «ሄድ ቦብ» ወይም «ካሜራ ሼክ» የሚለውን አጥፉ። ገጸ ባሕርይው ሲራመድ ምስሉን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው እሱ ነው። ሠሪዎቹ እርምጃው እውነት እንዲመስል ብለው ያስገቡታል። እኛ ግን ስንራመድ ዓለም ከፍ ዝቅ ሲል አናይም፤ ቅድም በመዳፋችሁ እንደሞከራችሁት ጆሮ ዓይንን እያስተካከለው ነው። በጌም ውስጥ ያን የሚያስተካክል ጆሮ የለም። «ሞሽን ብለር» የሚባለውንም፣ ሲዞሩ ምስሉን የሚያደበዝዘውን ማለት ነው፣ አጥፉት። «ሴንሲቲቪቲ»ውን ዝቅ ብታደርጉ ደግሞ ጣታችሁን ትንሽ ስትነኩ ዓለሙ ሙሉ ዙር አይዞርም። ምስሉ እየተቆራረጠ የሚመጣ ከሆነ የሥዕሉን ጥራት ቀንሱና እንቅስቃሴው እንዲለሰልስ አድርጉ፤ እጃችሁ ካዘዘው በኋላ የሚዘገይ ምስል ከደብዛዛ ምስል ይልቅ ያሳምማል። ከኋላ የሚያሳይ እይታ ካለውም ወደሱ መቀየር ነውር የለበትም።

በስልክ የምትጫወቱ ደግሞ አንድ ነገር አደራ፦ መኪና ላይ አትጫወቱ። በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ጆሮ መኪናውን፣ ዓይን ጌሙን ሲከተሉ ሁለት የማይገናኙ ጉዞዎችን በአንድ ጊዜ እየሄዳችሁ ነው። ከዚያ ይልቅ ፊት ወንበር ካገኛችሁ ተቀመጡ፤ ርቆ የሚታየውን ተራራ፣ መታጠፊያውን ከመድረሱ በፊት እዩት።

አሁን የመስኮቱን ነገር ልንገራችሁ። አየር ፊት ላይ ሲነፍስ በምስል የሚመጣው ማቅለሽለሽ እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። የቆላ ሙቀትና መጋረጃ የተጋረደበት የቆርቆሮ ክፍል ግን ማቅለሽለሹን ያባብሱታል። ስለዚህ በር ይከፈት፤ ቬንትሌተር ካለ ይብራ፤ ነገር ግን ዓይን እንዳያደርቅ ከጎን ይምታ። ውሃ ጠጡ። ሎሚ ማሽተት ደስ ካላችሁ አሽቱ። ዝንጅብልን በተመለከተ ጥናቶቹ አንድ ዓይነት ውጤት አልሰጡም፤ በልኩ ከሆነ ግን አይጎዳም። ለጉዞ የሚሰጠውን ክኒን ለጌም ብሎ መዋጥ ግን አይመከርም። እንቅልፍ ያመጣል፤ ጌም ደግሞ የግድ የሚሄዱበት አገር አይደለም።

የዓይንን ምቾት በአጭሩ ልናገር። ስክሪን ላይ ስናፈጥ ዓይናችንን ማርገብገብ እንረሳለን፤ በተለመደው ጊዜ በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል የምናርገበግበው በብዙ ይቀንሳል። የሚቆጠቁጠው፣ አሸዋ የገባበት የሚመስለው ስለደረቀ ነው። በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ያህል ስድስት ሜትር ገደማ የራቀ ነገር ማየት ጥሩ ልማድ ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ የሚያበራ ስክሪን ዓይንን ያደክማል፤ መብራት ይኑር። «ለኮምፒውተር» ተብሎ የሚሸጠውን ሰማያዊ ብርሃን ከላካይ መነጽር ለመግዛት አትቸኩሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ኮክሬን የተባለው የጥናቶች ግምገማ የዓይን ድካምን እንደሚቀንስ ማስረጃ አላገኘም። በአንጻሩ ልጁ ለማየት ዓይኑን የሚያጠብ፣ ጥቁር ሰሌዳ የሚከብደው ከሆነ ዓይኑ ይመርመር፤ እውነተኛው መነጽር ያስፈልገው ይሆናል።

ወላጆች ሆይ፣ ይህ ደግሞ ለእናንተ ነው። የጌም ማዞር ጨዋታው ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ ቀስ በቀስ ይለቃል። ልጁ ራሱን ካመመው፣ ካስመለሰው፣ ትኩሳትም ካለው ግን «ጌሙ ነው» ብላችሁ አትተዉት። የምንኖረው በወባ አገር ነው፤ ወባም ራስ ምታትና ማስመለስ ይዛ ትመጣለች። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሳይጫወት የሚያዞረው፣ መስማት የሚቀንስበት፣ የሚወድቅ ከሆነም እንዲሁ። ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን ደግሞ በጥቂት ሰዎች ላይ የሚጥል በሽታን ሊቀሰቅስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1997 በጃፓን አንድ የ«ፖኬሞን» የቴሌቪዥን ክፍል በቀይና በሰማያዊ ብርሃን ሲብለጨለጭ 685 ያህል ሰዎች፣ አብዛኞቹ ልጆች፣ ወደ ሆስፒታል ተወስደዋል። ይህ ከማዞር ፈጽሞ የተለየ ነገር ነው። ስክሪን እያየ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ሐኪም ሳያየው ወደ ጌም አይመለስ። ሲንቀጠቀጥም በጎኑ አስተኙት፤ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ።

መለማመድ ይቻላል ወይ? አዎ፤ አንጎል ይማራል። ነገር ግን የሚማረው በማስገደድ አይደለም። «ትንሽ ብታገሠው ይለቀኛል» የሚለው የብዙዎች ስህተት ነው። ማዛጋት፣ ምራቅ መብዛት፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ፊት መገርጣት ሲጀምር አቁሙ፤ ከዚያ በላይ ከቀጠላችሁ ማቅለሽለሹ ለሰዓታት ይከተላችኋል፤ በሌላ ቀን ጌሙን ገና ስታዩት ሊመለስባችሁ ይችላል። አሥር ደቂቃ ደህና ተጫውቶ ማቆም፣ በማግስቱ አሥራ አምስት፣ እንዲህ እያለ ሲሄድ ብዙ ሰው ይለምዳል። የማይለምድም አለ፤ በተለይ ማይግሬን ያለባቸው ሰዎች ይቸገራሉ። እነሱ ኳሱን ይጫወቱ። ካዞራችሁ በኋላ ደግሞ ወዲያው ሞተር ሳይክል ወይም ባጃጅ አትንዱ። የጦር አውሮፕላን አብራሪዎች እንኳ ከሲሙሌተር በኋላ ለሰዓታት እንዳይበሩ የሚከለከሉት ሚዛናቸው ወዲያው ስለማይመለስ ነው።

የመጨረሻ ቃሌ ለጌም ቤት ባለቤቶች ነው። ልጁ ፊቱ ገርጥቶ፣ ላብ አጥልቆት እንኳ የማይነሳው ለምን እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ፦ ከፍሏል። ገንዘቡ ይባክናል ብሎ ሕመሙን ይውጠዋል። አግዳሚውን ከቴሌቪዥኑ ሁለት ሜትር አርቁት፣ መጋረጃውን ግለጡት፤ ይህ ምንም አያስወጣም። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ ልጅ «አዞረኝ» ብሎ ሲነሳ የቀረውን ሰዓቱን በደብተራችሁ ጻፉለትና ሌላ ቀን መጥቶ እንዲጫወትበት ፍቀዱለት።